በሙጫ ቀለም የተሠራ ቀሚስ

መስከረም 18 ቀን

ለማከብርዎ አክስቴ፣ ለእትዬ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ፣ መነጽርዎም ፍለጋ ሳያስቸግርዎ በእጅዎ እንዲገኝ እመኛለሁ። ትከሻዎ እንዴት ሆነ? ክንድዎን አንሥተው ከላይኛው መደርደሪያ መጽሐፍ ማውረድ ቻሉ ወይስ አሁንም በዱላ ነው የሚጥሉት? እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገና አልጠናም።

የምጽፍልዎ ደስ የሚል ነገር ስላገኘሁ ነው። እንደሚያውቁት በዚህ ቲያትር ቤት የተቀጠርኩት ለቀለም ነው። ቀን ቀን ሸራውን መሬት ላይ ዘርግቼ፣ እጀታው እንደ መጥረጊያ የረዘመ ብሩሽ ይዤ፣ በካልሲ እየተራመድኩበት ሰማይና ቤት እቀባለሁ። ጥቁር ሴት ያለችበት ተውኔት ሲመጣ ደግሞ ለመድረክም ይጠሩኛል፤ በቤቱ ያለሁት ጥቁር ሴት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ምርጫ የላቸውም። እስካሁን ትሪ ይዤ ገብቻለሁ፣ የሰው ሕፃን አቅፌ ወጥቻለሁ፣ አንድ ጊዜም መዳፍ አንብቤያለሁ። ራሴ የቀባሁት ግድግዳ ፊት ትሪ ይዤ ስቆም ግድግዳው ከእኔ የተሻለ ሚና እንዳለው ይሰማኛል።

አሁን ግን አዘጋጁ የራሴን ተውኔት እንድሠራ ፈቀደልኝ። ጸሐፊዋም፣ ቀቢዋም፣ ተዋናይዋም እኔው ነኝ። አዳራሹ ትንሹ ነው፤ ወንበሮቹም ይንጫጫሉ። ቢሆንም የእኔ ነው። ስለ ምን እንደሆነ ሲያልቅ እነግርዎታለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባለፈው ክረምት መጥቼ፣ ትከሻዎ ተሰብሮ ታስሮ ሳለ ሳጥብዎ ውሃውን መጀመሪያ የማፈሰው በየት በኩል ነበር? በደህናው ትከሻ ይመስለኛል፤ እርስዎ ግን አይረሱም። የተቀመጡባት በርጩማስ ባለ ሦስት እግሯ ናት ወይስ ሰፊዋ? ለሥራ ፈልጌው ነው።

እትዬ ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። ተማሪዎ ሳለሁ ክፍል ውስጥ ከሌሎቹ ልጆች ጋር የለመድኩት አጠራር፣ ያሳደጉኝ አክስቴ መሆንዎን እያወቅሁም አልለቀቀኝም።

አክባሪዎ፣ ልጅዎ

———

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለጭራሮ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሰርዘሽ ጽፈሻል። ብዕር ከማንሣትሽ በፊት አስቢ ብዬ ያስተማርኩሽ ለክፍል ብቻ አልነበረም።

ትከሻዬ ይሻለዋል። መጽሐፍ በዱላ የጣልኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም መዝገበ ቃላቱ አውራ ጣቴ ላይ ወድቆ የሥራዬን ሰጥቶኛል።

የራስሽን ተውኔት በማግኘትሽ እንኳን ደስ ያለሽ። ምሳ በልተሽ ሥሪ። ስትደሰቺ መብላት ትረሺያለሽ፤ ጭራሮ የተባልሽው እኮ በከንቱ አይደለም። ስለ ሥራሽ ለሚጠይቀኝ ሰው የሚበቃውን ያህል እነግረዋለሁ።

ውሃው የሚፈሰው በደህናው ትከሻ በኩል ነበር። በርጩማዋም ባለ ሦስት እግሯ ናት። ለምን ሥራ እንደሚሆንሽ ግን አልገባኝም፤ ስለዚያን ጊዜ መነጋገርም ደስ አይለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ ኖሬ በመጨረሻ እንደ ሕፃን በሰው እጅ ታጥቤያለሁ። ዓይንሽን ጨፍነሽ እጠቢኝ ስልሽ እሺ ብለሻል፤ እንደጨፈንሽም አውቃለሁ። ሳሙናው ከእጅሽ አምልጦ ወለሉን ስትዳብሺ ሰምቼሻለሁ። ስለዚያ አመሰግንሻለሁ። ከዚህ በኋላ አይነሣብኝ።

የፋርማሲስቱ ልጅ ለሥልጠና ወደ አንቺ ከተማ መጥታለች። አድራሻሽን ሰጥቻታለሁ። ለሰው አገር አዲስ ናትና አይዞሽ በያት።

ፈጣሪ ይጠብቅሽ።

አክስትሽ

———

ታኅሣሥ 3 ቀን

ለጭራሮ፤

ጤና ይስጥሽ። ዛሬ ከዚህ የበለጠ ሰላምታ ከእኔ አይወጣም።

ትናንት የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ ፋርማሲ ሄድኩ። ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። ፋርማሲስቱን ታውቂዋለሽ፤ ማባዛት ያስተማርኩት ልጅ ነው። ፀጉሩ ሸብቶም ሲያየኝ እጁን ከኪሱ ያወጣል። ትናንት ሲያየኝ ግን ስልኩን ባንኮኒው ሥር ወሸቀው። ፀጉር ሠሪዋ ከፊቴ ቆማለች። ምላሷ መቼም ዕረፍት አያውቅም።

«እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ውጭ አገር ግድግዳ ላይ ወጡልን አይደል!» አለችኝ።

«የምን ግድግዳ?»

«ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ!» አላት ፋርማሲስቱ።

«ምን ተይ ትለኛለህ? አንተው አይደለህ ያሳየኸኝ! ልጅህ አይደለች የላከችልህ! እትዬ፣ ጀርባዎ ነው፤ ሥዕሉ ይሄን ያክላል» ብላ እጇን ስትዘረጋ ከኋላዋ የቆመውን ሰውዬ በክርኗ ደረቱን አለችው።

«የእኔ ጀርባ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«አንገትዎ ነዋ! ራቁትዎን ሳሙና ተቀብተው ተቀምጠው እንኳ ሊቆጡ የተዘጋጁ ነው የሚመስሉት።»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ፋርማሲስቱ ብቻ አልሳቀም። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ «እትዬ፣ እኔ እንኳ ብዙም አላየሁትም» አለኝ። የገደለኝ እሱ ነው። ብዙም አላየሁትም! ትንሽ ግን አይቷል ማለት ነው። በዚህ ከተማ ጥርስ ያወጣ ሰው ሁሉ ተማሪዬ ነበር፤ አሁን በመንገድ ሳልፍ የትኛው ትንሽ እንዳየ፣ የትኛው ብዙ እንዳየ እያሰብኩ ልሄድ ነው።

መድኃኒቴን ሳልወስድ ወጣሁ። ቤት ደርሼ በሩን ቆለፍኩና በካፖርቴ ላይ ፎጣ ደረብኩ። እቤቴ ውስጥ፣ ማንም ሳያየኝ።

ስለዚህ ዓይንሽን አልጨፈንሽም። አይተሻል። አይተሽ ዝም ብትይ ምንም ባላልኩ፤ አንቺ ግን ተሸክመሽው ባሕር ተሻገርሽ፣ አሳድገሽ ሰቀልሽው፣ ሰው ትኬት ቆርጦ እንዲያየው አደረግሽ። በርጩማዬንም ጠይቀሽ ከእኔው አፍ ወሰድሽ፤ እኔም እንደ ሞኝ ነገርኩሽ። የሚያዩትስ እነማን ናቸው? ስሜን የማያውቁ፣ ጥቁር አሮጊት ሲያዩ ምን እንደሚሉ የማላውቃቸው ሰዎች!

አውርጂው። ሌላ የምጽፍልሽ የለኝም።

አክስትሽ

———

ጥር 21 ቀን

ለእትዬ፤

ሰላምታዬን ይቀበሉኝም አይቀበሉኝም ጤናዎን እመኛለሁ። መድኃኒትዎን እንደወሰዱ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ፊትዎ ቆሜ ቢሆን ኖሮ መሬት መሬቱን አይ ነበር። እዚህ የሚታይ መሬት እንኳ የእኔ አይደለም።

እውነት ነው፤ አይቻለሁ። መጀመሪያ ጨፍኜ ነበር፤ ሳሙናው ከእጄ ያመለጠው በማስመሰል አይደለም። ከዚያ አንድ ቀን ውሃውን ሳፈስ ሰውነትዎ ድንገት ተንቀጠቀጠ። አቃጠልኳቸው ብዬ ዓይኔን ገለጥኩ። ውሃው ደህና ነበር። መልሼ መጨፈን ነበረብኝ። አልጨፈንኩም። እርስዎን ዕድሜዬን ሙሉ ከፊት ለፊት ነው የማውቅዎ፤ ከሰሌዳው ጋር። ያን ቀን ጀርባዎ ላይ ውሃ ሲወርድ አየሁና ሰው መሆንዎን አየሁ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

ተውኔቱ እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ ያሳደገቻትን አክስቷን ታጥባለች። አክስትየዋ ከኋላ ባለው ሸራ ላይ ናት፤ አትዞርም። ልጅቷ ፊት ለፊት ልትላት ያልደፈረችውን ሁሉ ለጀርባዋ ትናገራለች። አክስትየዋን ሆኜ የምመልሰውም እኔ ነኝ፣ በእርስዎ ድምፅ። በመጨረሻ መሰላል ላይ ወጥቼ ሸራውን በውሃና በስፖንጅ አጥባለሁ፤ ሥዕሉ ውሃ በማይነካው ቀለም ስለተሠራ ምንም አይሆንም።

እዚህ አገር መድረክ ላይ ጥቁር ሴት የምታጥብ ናት። እኔ ራሴ ወለል አጥቤያለሁ፣ ሳህን አጥቤያለሁ፣ የሌላ ሴት እግር አጥቤያለሁ። ጥቁር ሴት ቁጭ ብላ ስትታጠብ ግን አይተው አያውቁም። የመጀመሪያው ቀን የሚንጫጩት ወንበሮች እንኳ አልተንጫጩም። ይህንን ማመካኛ አድርጌ አይደለም የምጽፍልዎ። ሳልጠይቅዎ ማድረጌ በምንም አይሸፈንም።

የፋርማሲስቱ ልጅ ተውኔቱ ሲያልቅ ወደ ልብስ መቀየሪያው መጣች። አቀፈችኝና፣ «እኔ እኮ እትዬ ሥዕል አስተማሪ ናት ብለውኝ ነበር!» አለችኝ። ምን ልበላት? «አዎ፣ አስተማሪ ነኝ፤ ይሄ የትርፍ ጊዜዬ ነው» አልኳት። የተዋናይ ቀለም ፊቴን ሞልቶት፣ በስተጀርባዬ ስሜ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎ እያለ። አላመነችኝም። ቢሆንም እርስዎን ውሸታም ማድረግ አልቻልኩም።

ሸራው ከወረደ ተውኔቱ የለም፤ ማውረድ አቅቶኛል። ግን አልብሼዎታለሁ። ግራጫ ቀሚስ ነው፤ አንገቱ ዝግ፣ እጅጌው እስከ አንጓ። ከአሁን በኋላ ማንም ጀርባዎን አያይም። መሰላል ላይም ደረቅ ስፖንጅ ይዤ ነው የምወጣው።

ይቅርታ ለመጠየቅ አፌ አይሞላም።

ልጅዎ

———

የካቲት 16 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ፤ መድኃኒቴንም ወስጃለሁ።

ለብሼ ከሆነ ደህና። ሌላውን ዓይኔን ጨፍኜ አልፈዋለሁ፤ ከሁለታችን መጨፈን የምችለው እኔ ነኝና።

አስተማሪ ናት ያልኩት ነገር አንቺ ጆሮ መድረሱን አልወደድኩትም። የተናገርኩት አንድ ቀን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሰው ይደግመዋል፣ እኔ ዝም እላለሁ። መድረክ ላይ ትወጣለች ብል ምን እንደሚሉ አውቃለሁ ብዬ ነው። የፋርማሲስቱ ልጅ መልበሻ ክፍል ድረስ መጥታ አንቺን ታስዋሽሻለች ብዬ ግን አላሰብኩም። እንግዲህ እኔም የማፍርበት አለኝ፤ አንድ አንድ ነን።

ፋርማሲ ሄጄ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ «ቀሚስ ተደርጎልኛል» አልኩት ፋርማሲስቱን።

«እሰይ እትዬ!» አለ፤ ትንፋሹ ተመለሰለት።

ፀጉር ሠሪዋ አላስችል ብሏት፣ «ምን ዓይነት?» አለች።

«ግራጫ።»

«ውይ! ግራጫ እኮ አይሆንዎትም። ያጠቁርዎታል።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አልኳት። ስወጣ ግን ሲስቁ ሰምቼ እኔም በር ላይ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ዋጥ አደረግሁት።

ቀሚሱን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ለራሴ አይደለም፤ ለፋርማሲስቱ ማሳየት እፈልጋለሁ። ያኛውን ያየ ይህኛውንም ይይ።

በእኔ ድምፅ የምትመልሺውን ደግሞ አልነገርሽኝም። ምን ትያለሽ? ባልበላሁት ዕዳ ስድብ አፌ ውስጥ እንዳታስገቢ።

አክስትሽ

———

ሚያዝያ 4 ቀን

ለማከብርዎ አክስቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ፎቶውን ስላዘገየሁ ተቆጥተው ይሆናል። አሁን ደግሞ የማነሣው ቀሚስ የለም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። እዚህ ሸራ የምንቀባው በሁለት ዓይነት ቀለም ነው። አንዱ ከደረቀ በኋላ ውሃ አይነካውም፤ የእርስዎ ሥዕል በእርሱ ነው የተሠራው። ሌላው በሞቀ ሙጫ የሚበጠበጥ የዱቄት ቀለም ነው። ለአንድ ተውኔት ያገለግላል፤ ሲያልቅ በእርጥብ ስፖንጅ ይታጠብና ሸራው ለሌላ ሥራ ይሆናል። ቀሚስዎን የሠራሁት በሙጫው ነው። ቶሎ ስለሚደርቅ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ሆድዎ ይራራል፣ ያኔ አጥቤ አነሣዋለሁ ብዬ ነበር። አልብሼዎታለሁ ስልዎ የሚወልቅ ልብስ እንደሆነ እያወቅሁ ነው። እርስዎም ያንን ይዘው ፋርማሲ ገቡ። ያቺን መስመር ሳነብ ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን የሆነውን ልንገርዎ። ተመልካቹ የውሃ ድምፅ መስማት ስላለበት ሳፋው ውስጥ ውሃ አለ፤ በአንድ እጄ ውሃውን አንቦጫርቃለሁ፣ በሌላው ደረቁን ስፖንጅ እይዛለሁ። ባለፈው ሳምንት አዳራሹ ሞልቶ፣ ልቤም ሞልቶ፣ እጄ የጥንቱን አደረገ። ስፖንጁን ነከርኩት። ነክሬ ወጣሁ። ነክሬ መውጣቴን ያወቅሁት ትከሻዎ ላይ ካሳረፍኩት በኋላ ነው።

ቀሚሱ ሟሟ። ከአንገቱ ጀምሮ ወረደ፤ ግራጫው ውሃ በእጅጌዬ ገብቶ በጎኔ ወጣ። እጆቼን ዘርግቼ ልሸፍንዎ ሞከርኩ፤ ምኑን ልሸፍን፣ ሸራው ላይ እኮ ከእኔ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። በሸፈንኩ ቁጥር እርጥቡ ልብሴ ይባስ ያጥባል። መሰላሉ ላይ ተለጥፌ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ አክስቴን ገፈፍኳቸው።

እነሱ ተነሥተው አጨበጨቡ። ሆን ተብሎ የተሠራ መስሏቸው ነው። ከመሰላሉ መውረድ አቅቶኝ መብራት የሚሠራው ሰውዬ መጥቶ በወገቤ ይዞ አወረደኝ።

አዘጋጁ ዓይኑ እያበራ መጣ። «በየቀኑ!» አለኝ። «ቀን ታለብሻታለሽ፣ ማታ ታወልቂላታለሽ! እስካሁን ምን ነክቶሽ ነው የደበቅሽው?»

«አልደበቅሁም፤ ተሳስቼ ነው» አልኩት።

«ተሳሳቺ እንግዲህ! በየቀኑ ተሳሳቺ! እንዲህ ካደረግሽው ወደ ትልቁ አዳራሽ አስገባዋለሁ።»

«አክስቴን ልጠይቅ።»

«አክስትሽ ገምጋሚ ናት እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«አዎ» አልኩት።

መልስ እየጠበቀ ነው። ትልቁን አዳራሽ ስመኝ እንደኖርኩ እርስዎ ያውቃሉ፤ እዚያ የገባ ሰው ትሪ አይሸከምም። ቢሆንም ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሳልጠይቅዎ አደረግሁ፤ ሦስተኛ አይኖርም። አዘጋጁ እንዳለው ላድርግ? ወይስ ውሃ በማይነካው ቀለም ለዘለዓለም ላልብስዎ? ወይስ ላውርደው? ያሉኝን አደርጋለሁ። አሁን ተውኔቱን አቁሜዋለሁ።

ሳያዩት እንዲፈርዱ ስላልፈለግሁ ፎቶውን በሌላ ፖስታ ውስጥ አሽጌ አስገብቻለሁ። ያለ ቀሚሱ ነው። መክፈትም አለመክፈትም የእርስዎ ነው።

በእርስዎ ድምፅ የምለውን ጠይቀውኝ ነበር። ልጅቷ በመጨረሻ ድፍረቷን ሰብስባ፣ «እኔ እኮ ከሰው ሁሉ የምወድዎ እርስዎን ነው» ትላለች። እርስዎ ደግሞ፣ «ጆሮዬ ውስጥ ሳሙና ገባ» ይላሉ። ሰው ይስቃል።

ልጅዎ

———

ግንቦት 2 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለጭራሮ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ከመሰላሉ ስትወርጂ ምንም እንዳልሆንሽ ተስፋ አደርጋለሁ፤ አልጻፍሽልኝም። እኔ ደህና ነኝ።

ፖስታውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቤት ጠረግሁ። ዕቃ አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። ከዚያ መነጽሬን አደረግሁና ከፈትኩት።

ጀርባዬን አይቼው አላውቅም ነበር። ማን ያየዋል? መስታወት ፊት የሚቆመው ለፊት ነው። ሌላ ሴት መሰለችኝ፤ እናቴ መሰለችኝ። ከዚያ አንገቱን አየሁ፤ ፀጉር ሠሪዋ እውነቷን ነው። ቁጡ ነኝ።

ሥራሽን ላርም። በርጩማዋ ልክ ናት። ውሃው በደህናው በኩል ነው፤ ልክ ነው። ሁለቱን ትከሻዎቼን ግን እኩል አድርገሻቸዋል። የተሰበረው ዝቅ ብሎ ነው የገጠመው፤ ዛሬም ቀሚስ ስለብስ በዚያ በኩል ይንሸራተታል። ለእኔ አዝነሽ ከሆነ አልጠየቅሁሽም። ካየሽ አይቀር በትክክል እይ። ዝቅ አድርጊው።

አሁን ስለ አዘጋጅሽ። እንቢ ብላለች በይው። ልብስ ለብሳ በሰው ፊት የምትገፈፍ ሴትና ቁጭ ብላ የምትታጠብ ሴት አንድ አይደሉም። የሚያጨበጭበው ሰው ላይለያቸው ይችላል፤ የምትሠሪው አንቺ ነሽና አንቺ ለያቸው። በየቀኑ እያለበስሽ በየቀኑ አታውልቂብኝ። እዚያ አገር የጥቁር ሴት ልብስ ሲወልቅ ለማየት የሚከፍል ሰው መቼም ጠፍቶ አያውቅም፤ እኔን ከዚያ ውስጥ አታስገቢኝ። በማይለቅ ቀለምም አታልብሺኝ። ውሃ እየወረደባት ዝግ ቀሚስ ለብሳ የምትቀመጥ ሴት እብድ ናት፤ ያን ያህል እንኳ አላረጀሁም።

ስለዚህ የቀረውን ግራጫ ቀለም በቀን፣ በሩን ዘግተሽ፣ ማንም በሌለበት፣ ራስሽ አጥበሽ አንሺው። መሰላል የሚይዝልሽ ካስፈለገ ያ መብራት የሚሠራው ሰው ፊቱን አዙሮ ይያዝልሽ። ከዚያ ተውኔትሽን እንደ መጀመሪያው ሥሪ፤ ልጅቷ ታጥባለች፣ አክስትየዋ ትታጠባለች፣ በቃ። ላያጨበጭቡ ይችላሉ። ትልቁ አዳራሽም ሊቀርብሽ ይችላል። ይህን ስጽፍ ምን እንደማስቀርብሽ አውቃለሁ፤ ጠይቀሽኛልና ነገርኩሽ። ቀሚሱን የማይፈልግ፣ መግፈፉንም የማይፈልግ ሰው ሲመጣ ያኔ ትገቢበታለሽ።

ጆሮዬ ውስጥ ሳሙና ገባ የሚለው የእኔ ነው። ልክ እንደዚያ ነበር የምለው። አትንኪው።

ትናንት ፀጉር ሠሪዋን መንገድ ላይ አገኘኋት። «አስተማሪዋ ልጅዎ እንዴት ናት?» አለችኝ፤ ልትወጋኝ ፈልጋ ነው። «አስተማሪ አይደለችም። ተዋናይ ናት፣ ሠዓሊ ናት፣ ተውኔት ትጽፋለች» አልኳት። «ሁሉንም?» አለች። «ሁሉንም» አልኳት። «ታዲያ መቼ ትተኛለች?» አለችኝ። እኔም መልሱን ስለማላውቀው ጥያቄውን ላንቺ ልኬዋለሁ።

ማፈሬ የቀረ እንዳይመስልሽ። ይህን የምጽፍልሽ ፎቶውን ከወረቀቱ አጠገብ አስቀምጬ ነው። ቅድም ጎረቤቴ በሩን ስታንኳኳ ደብተር ጫንኩበት። ተቀምጣ አወራች፣ ሻይዋን ጨረሰች፣ ሄደች። በሩን ዘግቼ ስመለስ ደብተሩን አነሣሁት። ለጊዜው የምችለው ይህን ያህል ነው።

ጤናና ጉልበት አይለይሽ።

አክስትሽ